ለከድጃ የሚሆን የለኝም ያልሁ ዕለት

ለሟቹ ባለቤቴም እንኳ ነግሬው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፈው።

ጠዋት ወረታ ገበያ ፀሐይ ራሴን አዞረኝና አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆምሁ። ባለሱቋ ሙስሊም ናት፤ ሮጣ በርጩማ አወጣችልኝ።

«እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ጦም ላይ ነዎት። ይብሉ አልልዎትም፤ ቁጭ ብቻ ይበሉልኝ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ልጅቱ የፀሐዩ መስሏት ፊቴን ውኃ ረጨችኝ!

በሃምሳዎቹ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ አዲስ ጎጆ እንደ ወጣሁ፣ ከድጃ የምትባል ወዳጅ ነበረችኝ። የወረታ ሴት ናት፤ መርፌና ክር እያዞረች ትሸጣለች። ጥልፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

በፋሲካ ዕለት ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች። ቤቴ ሥጋ በሥጋ ነው፤ እሷ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። እንግዳ መቀበል ማብላት ብቻ ይመስለኝ ነበርና አፍሬ በሩ ላይ ቆምሁባት።

«እህቴ፣ ዛሬስ ላንቺ የሚሆን ምንም የለኝ» አልኋት።

«ኧረ እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ነው! ሥጋሽን ማን ጠየቀሽ?» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላልሁም። ሳቋ ቆመ። ሻሿን አስተካክላ በዚያ ፀሐይ ተመለሰች፤ ዳግመኛ ደጄን አልረገጠችም።

በኋላ ፊደል በራሴ ለይቼ ወንጌል ሳነብ፣ እንግዳ ተቀበሉ ይላል እንጂ የምታበሉት ከሌላችሁ መልሱ አይልም።

እናንተስ፣ የምሰጠው የለኝም ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው አለ? ጻፉልኝ።

ይህን ጽሑፍ ግን ከሁሉ በፊት የምትቀበለው ምራቴ ናት፤ ሞሰቧ ባዶ ሲሆን በሯን መዝጋት ጀምራለች።