ጠልቆ የተተከለው ድንጋይ

ቅኝ ገዢዎቹ አገሩን ሲቀራመቱ ሽማግሌው ገና ጎረምሳ ነበሩ፤ ሥራቸውም የወሰን ድንጋይ ተሸክሞ መትከል ነበር። አንድ ቀን ወባ የጣለው መሐንዲስ ከድንኳኑ ሆኖ፣ "ወንዙን ተሻገርና ከማዶው መንደር በላይ ትከለው" አላቸው። ወንዙ ሞልቷል፤ ድንጋዩ ትከሻ ይሰብራል። ሳይሻገሩ ወዲህ ተከሉትና "ተክያለሁ" አሉ። በኋላ የመጡት ካርታ ሠሪዎች ድንጋዩን ተከትለው መስመሩን አሰመሩ።

ገዢዎቹ ሲሄዱ መስመሩ ቀረ፤ ጠባቂም ቆመበት። ማዶ የተዳረችው አንዲት ልጃቸው የባዕድ አገር ሰው ሆነች። ሽማግሌው በየዓመቱ ካርታ መሥሪያ ቤት ተመላለሱ።

"ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደክሞኝ ነው ወዲህ የተከልኩት፤ አርሙልኝ።"

"አባባ፣ ሁለት መንግሥት የፈረመበትን ካርታ እርስዎ ስለደከመዎት ልቀይረው?" ብሎ ጸሐፊው ሳቀ።

"ሲሠራስ እኔ ስለደከመኝ አይደል እንዴ የተሠራው?"

ዘንድሮ የልጃቸው መርዶ በጩኸት ወንዙን ተሻገረ። ጠባቂዎቹ እሳቸውን ግን አላሻገሩም። ቀብሩን ከድንጋዩ አጠገብ ቆመው አዩ። ለቀስተኛው ሲበተን ድንጋዩን በትከሻቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ ቦታውን ቢስቱም፣ ጉድጓዱን በወጉ አጥልቀው ነበር የቆፈሩት።