ለመወርወሪያ ያነበብሁት

ባለፈው ወር የዕድራችን ጸሐፊ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ያረፉ ጎረቤታችንን የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ላይ እንዳነብ ለመኑኝ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ድምፅዎም ለዚህ የሚሆን ነው» አሉኝ። ዓይኔ ደክሞብኛል ብዬ አሰናበትኋቸው። ዓይኔ ግን ደኅና ነው፤ ዛሬም የደበዘዘ ብራና ያለ ረዳት አነባለሁ። በሰው መቃብር ላይ ወረቀት ይዤ የቆምሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚያ ቀን ለባለቤቴም፣ ለልጆቼም፣ ላስተማርኋቸውም ተናግሬ አላውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ከእናቴ ጋር ጉለሌ እንኖር ነበር። የቀበሌያችን ኳስ ቡድን የሚጫወትበት ሜዳ ከቁስቋም በታች፣ በእንጦጦ ግርጌ ላይ ነበር፤ ሜዳ ይባል እንጂ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ ተዳፋት ነው። እንግዳ ቡድን ሽቅብ የሚጫወትበት ሰዓት ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ የኛ ልጆች ዳገት ላይ የተወለዱ ናቸውና አይሰማቸውም። በበጋ ነፋሱ ከላይ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ ከታች ቀይ አቧራ ያመጣል። እኛ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን እንቆማለን። ከጫካ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችም ሸክማቸውን ከመስመሩ ዳር አሳርፈው «ስንት ለስንት ናችሁ?» ሳይሉ አያልፉም።

የሁሉም ዓይን ግን በአንድ ልጅ ላይ ነበር። ስሙ ታምራት ነው፤ የሸማኔው የጋሽ ወልዴ ልጅ፣ ገና ሃያ ዓመቱ። የሌላ ሰፈር ደጋፊዎች መጀመሪያ ሲያዩት «ሸማኔ! ሂድና ጉድጓድህ ውስጥ ግባ!» እያሉ ሰደቡት። የኛ ደጋፊዎች አለቃ ከፈለ የሚባል ጎሚስታ ነበር፤ እጁ ዘወትር በጎማ ጥላት የጠቆረ፣ አፉ ግን ለማንም የማይመለስ ሰው። «አዎ ሸማኔ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። «እናንተ ድር ናችሁ፣ እሱ መወርወሪያ!» ከዚያ ቀን በኋላ ታምራት ብላ የጠራችው እናቱ ብቻ ነበረች። እውነትም የሸማኔ መወርወሪያ በድሩ መካከል ሽው ብሎ እንደሚያልፍ፣ እሱም በተከላካዮች መካከል ሲያልፍ የነካው አይኖርም ነበር።

ከፈለ ሌላም ችሎታ ነበረው። ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ ድምፁ ዊንጌት ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። ዳኛ ሲያደላ እሱ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበለዋል። «ዳኛ! ዓይንህን ጠበል አስነካው!» ይላል በፉጨቱ መሐል። በኛ ሜዳ ፉጨት ማለት «ዋሸህ» ማለት ነበር፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

እኔ የቡድኑን ውጤት በደብተር እመዘግብ ስለ ነበር እነ ታምራት ቤት እገባ እወጣ ነበር። እሑድ ጧት ጎደሬ በዳጣ ይቀርብልናል፤ ዳጣው አፍ ያቃጥላል፣ እኔ ሳለቅስ ታምራት ይስቃል። ጋሽ ወልዴ ከሸማ ጉድጓዳቸው ቀና ሳይሉ «ዛሬስ ስንት ክንድ ልትሮጥ ነው?» ይሉታል። እሱም «ለአንድ ጋቢ የሚበቃ!» ብሎ ይወጣል።

ዘመኑ የአፈሳ ዘመን ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲጎድል ከመንገድም፣ ከጠጅ ቤትም፣ ከኳስ ሜዳም እየታፈሰ በካሚዮን ይጫናል። በአንድ የየካቲት እሑድ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ታጣቂዎች ሜዳውን ከታች በኩል ከበቡት። ሕዝቡ እንደ ተበተነ እህል ሆነ። የተማሪ መታወቂያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ብቆም ምንም አልሆንም ነበር። ሆኖም ሮጥሁ። ወደ ጫካው ወጥቼ ከአንድ ትልቅ የባሕር ዛፍ ጉቶ ኋላ ተጋደምሁ። ብዙም ሳልቆይ ታምራት በዚያው አቀበት ሲወጣ አየሁት። ቢጫ ማልያው ከሩቅ ይታያል። «ቁም!» የሚል ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። አልቆመም። ከኋላው ተኮሱበት፤ ወደቀ።

ከተጋደምሁበት አልወጣሁም። ታጣቂዎቹ መጥተው አንሥተውት ከሄዱ በኋላ በሌላ መንገድ ወረድሁ። ዳር የቆመ ጠባቂ አስቆመኝ፤ መታወቂያዬን አይቶ «ሂድ» አለኝ።

ሬሳው በሦስተኛው ቀን ለቤተሰቡ ተሰጠ። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ደጋፊዎቹ ተሰብስበው የሕይወት ታሪኩን እኔ እንድጽፍና እንዳነብ መረጡኝ። «አንተ ደብተሩን ይዘሃል፤ ጎሎቹን አንድ በአንድ ቁጠርለት» አለኝ ከፈለ። ጻፍሁ። ማንኛውም በሕዝብ ፊት የሚነበብ ጽሑፍ በቀበሌ ይታይ ስለ ነበር ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ በቀስታ አነበበው።

«ጥሩ ጽፈሃል፣ ጓድ። አንድ መስመር ጎድሎታል። በምን እንደ ሞተ አይልም።»

«ባይባልስ?»

«ሰው ይጠይቃላ! ‹ባደረበት ድንገተኛ ሕመም› በል። ሕመም የማንም ጥፋት አይደለም።» መስመሯን እዚያው አስጽፎኝ ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። «እናትህ ካንተ ሌላ ሰው የላቸውም፣ አይደል?»

ከዚህ በላይ አላስፈራራኝም። ሬሳው አስቀድሞ ተሰጥቷል፤ ባላነብ ቀብሩ አይቀርም ነበር። ይህን የምጽፈው ለራሴ ሰበብ እንዳልተው ነው።

በቀብሩ ጧት ጋሽ ወልዴ ከድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸዋል። «ልጄ ታሞ አያውቅም» አሉኝ። «በምን እንደ ሞተ ጻፍ አልልህም፤ አንተም እናት አለችህ። ታሞ ሞተ ብቻ አትበል። እዚያ ስትደርስ ዝም በል፤ ሌላ አልፈልግም።» ዝም እላለሁ ብዬ ማልሁላቸው። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ሲወድቅ አጠገቡ ማን ነበር? አንተ ብዙ ሰው ታውቃለህ፤ ጠይቅልኝ።»

«እጠይቃለሁ፣ ጋሽ ወልዴ» አልሁ።

ሬሳውን በሜዳው በኩል እንዳናሳልፍ ታዘን ነበር። ደጋፊው ግን አልሰማም፤ ከታችኛው ጎል እስከ ላይኛው እየተቀባበለ ተሸከመው። ከሌላ ሰፈር የመጡትም ነበሩ። አንዱ ጎረምሳ ሣጥኑን ይዞ «ሸማኔ ያልንህን ይቅር በለን!» እያለ ሲያለቅስ ከፈለ ደግፎ አስኬደው። ያን ያህል ወንድ በአደባባይ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ቤተሰቡ ጴንጤ ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ በመቃብሩም ላይ መዝሙር ተከልክሏል። ስለዚህ ለዚያ ልጅ የሚነገረው ቃል የኔ ወረቀት ብቻ ነበር። ልደቱን አነበብሁ፤ ትምህርቱን አነበብሁ፤ ጎሎቹን ስቆጥር ሰዉ በየጎሉ ራሱን እየነቀነቀ ተከተለኝ። ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ግልባጩን ይዞ በጣቱ መስመር በመስመር ይከተለኛል። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ጣቱ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ጋሽ ወልዴን አየኋቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ። ዝም ለማለት የሚያስፈልገኝ አንድ መስመር መዝለል ብቻ ነበር።

«...ባደረበት ድንገተኛ ሕመም...» ብዬ አነበብሁ።

ከዚያ ከኋላ፣ ከሰዉ ጀርባ፣ የከፈለ ፉጨት ተነሣ። በቀብር ላይ ፉጨት ነውር ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ተቀበለው፤ ሌላውም ቀጠለ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ መካነ መቃብሩ በሙሉ አፏጨ፤ ሽማግሌዎች ጭምር፣ ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። ሊቀ መንበሩ ላይ ብቻ ያፏጩ መስሎኝ ለመጽናናት ሞክሬ ነበር። ዓይኖቹ ሁሉ ግን ወደኔ ነበሩ።

በማግስቱ ከፈለን ከጎሚስታ ቤቱ ወሰዱት። ይመለስ አይመለስ ጠይቄ አላውቅም።

ከአርባ ቀን በኋላ ጋሽ ወልዴ መንገድ ላይ አገኙኝ። አልተቆጡኝም። «ስለ ልጄ የተጻፈ ሌላ ወረቀት የለኝም» አሉኝ። «ያቺን መስመር አውጥተህ ገልብጥልኝ።» ነገ አልኋቸው። ሁለተኛም ጠየቁኝ፤ ነገ አልኋቸው። ሦስተኛ አልጠየቁኝም። መንግሥት ተለወጠ፤ ፍርሃቱም ሄደ፤ ኀፍረቱ ግን አልሄደም። እሳቸው ሲሞቱ ቀብራቸው አልሄድሁም።

የዕድሩ ጸሐፊ በመጡ ሰሞን ግን ወረቀቱን ከቆየበት አውጥቼ ገለበጥሁት። የሐሰቱን መስመር አወጣሁና በቦታው «ሲሮጥ ከኋላው ተተኩሶበት ሞተ፤ እኔም አይቻለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። የታምራት ታናሽ እኅት ማርታ ሽሮ ሜዳ የጥበብ ልብስ ትሸጣለች፤ በዚያ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል። ወስጄ ሰጠኋት። ከተሰቀሉት ቀሚሶች መካከል ቆማ አነበበችው።

«ይህን እኮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር፣ ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ መጨረሻውን ደግማ አየችው። «እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርሁ።»

«ሩቅ?»

«ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።»

ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። «አባታችን እስኪሞት ይጠይቅ ነበር» አለች። «ወዲያው ነው የሞተው?»

«ወዲያው» አልኋት።

ወዲያው አልነበረም። በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ ቀኝ እጁ የወደቀውን ቅጠል ወደ ራሱ ይሰበስብ ነበር፤ አንድ ጊዜም «እናቴ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ታጣቂዎቹ እስኪደርሱ ሄጄ እጁን ለመያዝ የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። ለማርታ የዋሸኋት ለእርስዋ አዝኜ ይሁን ለራሴ፣ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልለየሁም።