ከውጭ የሚቆለፈው በር

ልጅ ሳለሁ ሰፈሩ የሚያውቀኝ በብስክሌቴ ነበር። የምንኖረው ጅዳ፣ በኒ ማሊክ፣ ጠባብ መንገድ ዳር ባለች ኪራይ ቤት ሲሆን፣ አባቴ የአንድ ሳዑዲ ሀብታም ሾፌር ነበር። ብስክሌቷንም የሰውዬው ልጆች ሲሰለቿት ለምኖ ያመጣልኝ እሱ ነው። ቀለሟ ተላልጧል፣ ደወሏ አይሠራም፣ ፍሬኗም ደስ ሲላት ብቻ ነው የሚይዘው። እኔ ግን ፀሐይ በረድ ስትል እሷ ላይ ወጥቼ እስከ መንገዱ ጫፍ እበር ነበር።

ያኔ ምሽት ምሽት ጣራ ላይ ተረት የሚያወሩልን አያ ይመር፣ የአባቴ አጎት፣ ነበሩ። ከደሴ ለሐጅ መጥተው በዚያው ቀሩ። ደርግ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ወስዶ የት እንዳደረሳቸው አልታወቀም፤ ቀበሌው እሳቸውንም ስለሚፈልግ መመለስ አይታሰብም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ማለት ነው፣ ስለሌላቸው ደግሞ ሹርጣ፣ የአገሩ ፖሊስ፣ እንዳይዛቸው ከበር አይወጡም። ከእኛ ጋር ጅዳ እየኖሩ ጅዳን የማያውቁ ሰው ነበሩ።

የዚያ አገር ጣራ ሴቶች ለጎረቤት እንዳይታዩ በረጅም ግንብ የታጠረ ነው፤ ቀና ካላሉ በቀር ምንም አይታይም። መብራቱን አጥፍተን ፋኖስ እንለኩሳለን፣ እማ የሻይ በራዷን ከሰል ላይ ትጥዳለች፣ ጭሱ ከባሕሩ ወበቅ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ላይ ያድራል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሁሴን ፍሙ ዳር እንቀመጥና አያ ይመር ጅብ ቤት ስለተከራየችው አህያ ያወሩልናል። አህያዋ ቀን የዋለችበትን ማታ ለጅቡ ካላወራችለት መበላቷ ነው። ጅቡም ነገ ደግሞ ምን ትነግረኝ ይሆን እያለ ሳይበላት ያድራል።

ተረት ሲያበቃ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባል የለ? ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ነው የሚለው። አያ ይመር ግን የምራቸውን እጃቸውን ይዘረጉ ነበር።

«ዳቦው ይቅር፤ ተረቴን መልሺ። ዛሬ ደጅ ምን አየሽ?»

እኔም እመልሳለሁ። ማን ከማን ጋር በመኪና ማቆሚያ እንደተጣላ፣ የየመኒው ባለሱቅ ለማን ዱቤ እንደከለከለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ድመቷ ስለ ቢሳ እነግራቸዋለሁ። ቢሳ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ ሱቁን የእሷ አድርጋ የምትቆጥር ኩሩ ድመት ነበረች። አያ ይመር አይተዋት አያውቁም፤ ግን እንደ ዘመድ ይጠይቁኛል። «የተኛችው የት ነው? ሩዙ ላይ ነው ስኳሩ ላይ?» ይላሉ።

ከዚያ ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ፍተሻው በረታ። አባቴም ወረቀት የሌለው ሰው ያለበት ቤት ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ጠዋት ሲወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር መቆለፍ ጀመረ። ፈታሾች ጓጉንቸሩን ሲያዩ ሰው የለም ብለው ያልፋሉ። ሁሴን ወንድ ነውና ከአባቴ ጋር በመኪና ይውላል። እማ፣ አያ ይመርና እኔ ውስጥ እንቀራለን። አንድ ቀን በእርግጥም መጡ። በሩን ሲደበድቡ እማ አፌን በመዳፏ ያዘች፣ አያ ይመር መቁጠሪያቸውን ጨብጠው ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ የቆመችውን ብስክሌቴን እያየሁ በእሳቸው የተነሣ ነው የታሰርኩት አልኩ በልቤ። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን ጠላኋቸው።

ማታ ግን ተረቱ አልቀረም፤ እጃቸውም ተዘረጋ። «ተረቴን መልሺ፣ ዘሃራዬ።»

ቀኑን ሙሉ አብረውኝ ተቆልፈው ውለው ምን አየሽ ይሉኛል። ተናደድኩና አፌ ላይ የመጣልኝን ወረወርኩ።

«ቢሳ ወለደች።»

«አልሐምዱሊላህ! የት ላይ?»

«ስኳሩ ላይ።»

«ስንት?»

«ሦስት።»

«ጥቁር አለበት?»

«አንዱ ጥቁር ነው። እግሩ ብቻ ነጭ ነው።»

እማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። አያ ይመር ግን አልሳቁም፤ ግልገሎቹ ፊታቸው ያሉ ይመስል በጥሞና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን በተዘጋ ቤት ተቀምጬ ለማታ የሚሆን መንገድ በሐሳቤ ስሠራ እውል ጀመር። ጊዜውም እንደምንም ይገፋ ነበር።

አባቴ ካፊሉን፣ ያን ሀብታም አሠሪውን፣ ለምኖ፣ ሰውዬውም አዝኖ፣ አያ ይመርን በዘበኝነት አስመዘገባቸው። ኢቃማው የመጣ ዕለት አባቴ ጓጉንቸሩን ፈትቶ የመኪና ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። አያ ይመር ቢስሚላህ ብለው ወጡ። እኔም ብስክሌቴን እየጎተትኩ ተከተልኩ።

«ወዴት ነሽ?» አለች እማ።

«ሱቅ ድረስ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዘሃራ፤ አድገሻል። ብስክሌቱ ከእንግዲህ የሁሴን ነው።»

አባቴን አየሁት። እሱ ጫማውን ያይ ነበር። ለካ ጓጉንቸሩ ቢነሣም ለእኔ የሚከፈት በር አልነበረም። ጣራ ላይ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ አለቀስኩ።

ምሽት ላይ አያ ይመር አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ተረት ግን አልጀመሩም።

«እስከ ዛሬ አንቺ መለስሽልኝ» አሉ። «ከእንግዲህ መላሹ እኔ ነኝ። ግልገሎቹ አድገዋል። ያ እግረ ነጩ ሰው አይፈራም፤ ጫማዬን ሲያሸት ቆየ።»

አፍንጫዬን ጠረግኩ። «ሩዙ ላይ ነው የሚተኛው?»

«ኧረ ስኳሩ ላይ ነው፤ እንዳልሽው።»

በየምሽቱ እንዲህ መንገዱን ያመጡልኝ ነበር። እኔም ሁሉን አመንኩ።

ሁሴን እውነቱን የነገረኝ ሁለታችንም ከጎለመስን፣ አያ ይመርም መካ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ቢሳን መኪና ገጭቶ የገደላት ጓጉንቸሩ በገባ ሰሞን ነበር፤ እንዳይነግረኝ የከለከለችው እማ ናት። አያ ይመር ሱቁ ድረስ ሄደው ባለሱቁን ጠይቀው፣ የሆነውን ሰምተው ነው ለካ ያን ሁሉ ያወሩልኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ግን እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ዛሬ ልጄ ብስክሌት ትነዳለች፤ ማንም አድገሻል አይላትም። ማታ ስትገባ እጄን ዘርግቼ ምን አየሽ እላታለሁ፤ ልማዱ አብሮኝ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ ያየችውን ትነግረኛለች። አንዳንድ ቀን ግን ያላየችውን አሳምራ ስታወራልኝ ይታወቀኛል። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳምጣትና፣ ማን በር ዘግቶባት እንደዋለ ለማወቅ ቀስ ብዬ መጠየቅ እጀምራለሁ።