የእማዬ ጅብ

ልጅ ሳለሁ ከሽንት ቤታችን ኋላ የሚኖር አንድ ጅብ ነበረኝ። አይቼው አላውቅም፤ ድምፁንም ሰምቼ አላውቅም። ግን የት እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚነቃ፣ ማንን እንደሚጠብቅ በደንብ አውቅ ነበር። የነገረችኝ እናቴ ነበረቻ። እናቴ ደግሞ አትዋሽም።

ያኔ የምንኖረው ከአገራችን ድንበር ማዶ ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ራቅ ብሎ፣ ሆሽ በምንለው የጋራ ግቢ ውስጥ ነበር። እማዬ ቀን ቀን በአንድ ነጋዴ መጋዘን ሰሊጥ ስታበጥር ትውላለች። አባቴ ከትራክተር ጋር ወደ እርሻ ይሄድና ወር ሙሉ አይመለስም ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት የአባባ ኑሩ ነው። አባባ ኑሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በመተማ በኩል በርበሬ ይዘው መጥተው፣ እዚያው ገዳሪፍ ትንሽ ሱቅ ከፍተው አረጁ። እኔ የሥጋ አያቶቼን ስለማላውቅ አያቴ እሳቸው ነበሩ።

ማምሻውን ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ ከደጃቸው ካለው የገለባ ዳስ ሥር ይቀመጣሉ። እራት የበሰለበት እሳት ያኔ ገና ፍም ነው፤ የግራሩ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ የእሳት ራት እየዞረው፣ እኛ የግቢው ልጆች ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንጠብቃቸው ነበር። እንግዲህ ምን ልበል፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ሰውዬው ቀጭን፣ ጥርሳቸው ግማሹ የወለቀ ሽማግሌ ናቸው። ግን አንበሳ ሲሉ ፍሙ ራሱ የሚያገሳ ይመስለኛል። እባብ ሲሉ እግሬን እሰበስባለሁ። ጥላቸው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲረዝም፣ ግድግዳው ጠፍቶ ከወዲያ ሌላ አገር የተከፈተ እየመሰለኝ አፌን ከፍቼ እቀር ነበር።

አባባ አንድ ሕግ ነበራቸው። ተረት ውስጥ አውሬ ያስገባ ሰው፣ አውሬውን ቤቱ ሳይሸኝ አይነሳም። ቢረሱ እንኳ የልጅ ልጃቸው ሐያት አትለቃቸውም። ሐያት እዚያው ገዳሪፍ የተወለደች፣ አማርኛውን ከዐረብኛ እየቀላቀለች የምታወራ የእኔ እኩያ ናት።

«ቤቱ ገባ?» ትላቸዋለች።

«ገባ።»

«በሩንስ ዘጋ?»

«ዘግቶ፣ ድንጋይ አስደግፎ ተኛ።»

«ኸላስ!» ትላለች፤ አለቀ ማለቷ ነው። ያን ስንሰማ እንበተናለን። እንዲያ ተሸኝቶ የሄደ አውሬ አንዱም በሕልሜ መጥቶብኝ አያውቅም።

የእማዬ ጅብ ግን ሌላ ነበር። ከሽንት ቤቱ ኋላ አጥሩ ፈርሷል፤ በዚያ ሾልኮ የሄደ ልጅ ኸር ወደምንለው፣ በክረምት ብቻ ወደሚሞላው ወንዝ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ያ ውሃ ከሰፈራችን አንድ ልጅ ወስዶ ነበር። እማዬ ይህን አልነገረችኝም። የነገረችኝ፣ «ከሽንት ቤቱ ኋላ ጅብ አለ፤ ብቻዋን ያገኛትን ልጅ ይወስዳል» ብላ ነው። እውነትም በአጥሩ መሹለክ ተውኩ። ግን ሽንት ቤት መሄድም አብሬ ተውኩ። ሽንት እንዳይመጣብኝ ደግሞ ውሃ መጠጣት ተውኩ።

በገዳሪፍ ሙቀት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ውሃ አለመጠጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። እማዬ ጧት ለሥራ ስትወጣ፣ ዚር ከሚባለው ትልቅ የሸክላ ጋን ቀድታ የምታስቀምጥልኝን ውሃ ከግቢው ዛፍ ሥር እደፋው ነበር። ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። ሲጨንቀኝ ከቤታችን ጥግ ስሸና ያቃጥለኝ ጀመር። አንድ ቀን በቀትር ዞሮብኝ ግቢው መሐል ወደቅሁ። እማዬ ተጠርታ መጣችና ወደ ክሊኒክ ተሸክማኝ ሮጠች። ሐኪሟ ዓይኔን ገልጣ፣ ቆዳዬን ቆንጠጥ አድርጋ አየችና፣ «ይቺ ልጅ ውሃ አትጠጣም እንዴ? እንዲህ ከቀጠለች ኩላሊቷ ይጎዳል» አለቻት።

ቤት ስንደርስ እማዬ ከድንጋጤዋ የተነሳ ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ጣሳውን ከንፈሬ ላይ ደቅና፣ «ጠጪ! ካልጠጣሽ ጅቡን እጠራዋለሁ!» አለች።

እኔ ጭራሽ ጥርሴን ነከስኩ።

በዚያ ምሽት አባባ ኑሩ ተረት ሳይጀምሩ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ትርንጎዬ፣ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። በሆዴ ይዤው የከረምኩት ነገር ወጣ።

«አባባ፣ የእማዬ ጅብ ቤቱ የት ነው?»

«የእናትሽ ጅብ? የትኛው?»

ነገርኳቸው። ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ ሰሙኝና ወደ ቤታችን ዞሩ።

«ደብሬ! ነይ እስቲ ወዲህ።»

እማዬ የሰሊጥ ገለባ ጠጉሯ ላይ እንዳለ መጣች።

«ጅብ አምጥተሽ ሳትሸኚው ትተኛለሽ አሉ። በኛ ግቢ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል?»

«አባባ፣ ይተዉኝ። ልጅ ለማስፈራራት ያልኩት ነው።»

«ልጅን በጅብ ያሳደገ፣ ጅቡንም አብሮ ያሳድጋል። በይ ተቀመጪና ሸኚው።»

«እርስዎ ይሸኙላት እንጂ! እኔ ተረት የት አውቄ?»

«ስታመጪው አውቀሽበት የለ? እኔ የማላውቀውን እንግዳ አልሸኝም።»

ልጆቹ ሳቁ። እማዬ ተቆጥታ ልትሄድ ብድግ አለች። ከዚያ ግን የተሰነጠቀውን ከንፈሬን አየችው። ቀስ ብላ ተመልሳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ተረት ልታወራ ነው! አባባ አንበሳ ሲያስገሱ እንኳ ልቤ እንደዚያ መትቶ አያውቅም።

«ያ ጅብ...» አለችና ከጠጉሯ ገለባውን አራገፈች። «ያ ጅብ የዚህ አገር ጅብ አይደለም። ከቋራ ነው የመጣው።»

ቋራ የእማዬ አገር ነው።

«ሥራ አለ ብለውት መጣ። ድንበሩን በእግሩ ነው የተሻገረው። እዚህ ሲደርስ ሙቀቱን አልቻለውም። ውሃ ጠማው፤ ውሃ ስጡኝ ለማለት ደግሞ ዐረብኛ አያውቅም። ጥላ ሲፈልግ የኛን ሽንት ቤት ጥላ አገኘና እዚያ ተጋደመ። ልጅ ሊበላ አይደለም። ደክሞት ነው።»

«ሚስኪን!» አለች ሐያት።

«ታዲያ ለምን ልጅ ይወስዳል አልሽኝ?» አልኳት።

እማዬ እጇን አየች። «ፈርቼ ነው» አለች። «ውሃው አንቺን እንዳይወስድብኝ ፈርቼ፣ የእሱን ስም አጠፋሁ።»

ተነስታ ከዚሩ በጣሳ ቀዳች። በዚያ ጭለማ ብቻዋን እስከ ፈረሰው አጥር ሄደች፤ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ ሰማነው። «በል እንግዲህ፣ ለመንገድህ» ስትልም ሰማናት። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን ቆየናት።

«ሄደ?» አለች ሐያት፣ እማዬ ስትመለስ።

«ሄደ።»

«ድንበሩን ተሻገረ?»

«ተሻገረ።»

«ፖሊስ አልያዘውም?»

«ጅብን ማን ወረቀት ይጠይቀዋል?»

አባባ ኑሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ሐያት ግን አልጨረሰችም።

«ቤቱስ ገባ?»

እማዬ ወደ ፈረሰው አጥር ዞር አለች። ፋኖሱ ፊቷን በአንድ ወገን አብርቶት ነበር፤ እኔ ያን ፊት በፊት አይቼው የማላውቀው መሰለኝ።

«ገባ» አለች። «እናቱ ደጅ ቆማ ነበር የምትጠብቀው።»

 ሐያት ያን ምሽት «ኸላስ» ያለችው በቀስታ ነው። እኔ ጣሳውን ከእማዬ እጅ ወስጄ ከዚሩ ቀዳሁ። ጠጣሁ፤ ደግሜም ቀዳሁ። ቆይቶ ሽንቴ ሲመጣ እማዬ ፋኖሱን አንስታ ሸኘችኝና በሩ ላይ ቆመች። ስወጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። ጭሱ ነው አለችኝ፤ ጭሱ ግን ከወዲያ ማዶ ነው።

ክረምቱ ገብቶ ኸሩ ሲሞላ፣ እማዬ ከሥራ በፊት እጄን አጥብቃ ይዛ በፈረሰው አጥር በኩል ራሷ ወሰደችኝ። ቡናማው ውሃ አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እያንከባለለ ሲያልፍ አየሁ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚጮኸው። «እኔን የሚያስፈራኝ ይኸ ነው» አለችኝ። «ባለፈው ዓመት ልጅ ወስዷል።» ከዚያ በኋላ ያለ እሷ አንድም ቀን ወደዚያ አልወረድኩም። ጅብ አላስፈለገኝም።

ዛሬ አባባ ኑሩ የሉም። ከተረቶቻቸው ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ አንበሳውም እባቡም ተደባልቀውብኛል። ያልረሳሁት፣ ትልቅ ሰው፣ ያውም እናት፣ በልጆች ፊት ቁጭ ብላ የተናገረችውን መልሳ ስትወስድ ያየሁበትን ምሽት ነው። ያኔ እናቴን የፈራኋት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፍርሃት አልነበረም፤ ታላቅነቷን ማየቴ ነበር።

እኔም እናት ሆኛለሁ፣ እዚሁ ገዳሪፍ። የዚህ አገር ጦርነት ስንቱን ሰው ወደዚህ አምጥቶ፣ ውሃው አንሶ፣ የተቅማጡ ወሬ በየሰፈሩ ሲወራ እንቅልፍ የለኝም። ሁሉ ነገር ያስፈራኛል። ልጄ ከአፈር ላይ ተነስታ በቀጥታ ወደ ምግብ እጇን ስትሰድ፣ «ሐኪሙ መጥቶ በመርፌ ይወጋሻል» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። እውጠዋለሁ። ሁልጊዜ ግን ቀላል አይደለም።

ትናንት እንዲሁ፣ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት።

«ካልታጠብኩስ?» አለችኝ፣ ወገቧን ይዛ።

ለዚህች ጥያቄ ስንት አውሬ ሊጠራ ይችላል። እኔ ማሰሮውን አንስቼ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ሆድሽን ያምሽ ይሆናል ብዬ እፈራለሁ» አልኳት። «ሌላ ምንም የለም። እኔ ነኝ የምፈራው።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን አፈራቸውን እንደያዙ ወደ እኔ ዘረጋች።

«አትፍሪ፣ እማ» አለችኝ። «አፍስሺልኝ።»