ከምሳ በኋላ ያልታየችው ሯጭ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የፊልም ስፖርተኞች ዕጣ የሚወሰነው በምሳ ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄዱት አውቶቡሶች ደብረ ብርሃንን ሲያልፉ ረዳቱ ፊልም ይከፍታል። ቁልቁለቱን ጨርሰው እኛ ከተማ ሲደርሱ ለምሳ ይቆማሉ፤ ፊልሙ ግን ገና አላለቀም። የሮቢት ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ አገር ውሃ የሚፈራው ዋናተኛ እስከ ዛሬ ገንዳው ጫፍ ላይ እንደቆመ ነው፤ ከእስር የወጣው በረኛም ፍፁም ቅጣት ምቱን እየጠበቀ ነው። እኔ የስፖርት መምህር ሆኜ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ፣ ተማሪዎቼ ስለነዚህ ሰዎች እንደ ጎረቤት ያወሩልኝ ነበር። በረኛው ያድነዋል፣ አያድነውም ተባብለው ክፍል ውስጥ ተጣልተዋል። ሁለቱም ወገኖች አላዩትም።

በዋናተኛውና በበረኛው ስስቅ ከረምኩ። አንዲት የፊልም ሯጭ ግን ጣጣ አመጣችብኝ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ አባቷ ቀወት ገጠር ውስጥ ማሾና ማሽላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። በዚያ ሙቀት ስትሮጥ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። እንዲህ ያለች ልጅ የምታጋጥመው መምህር ዕድለኛ ነው፤ እኔም እሳሳላት ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የዞኑ ውድድር ሊካሄድ ነው። እዚያ ቀድመው የሚገቡት ወደ ክልል ያልፋሉ፤ ከክልል ደግሞ ማሰልጠኛ የሚገቡ አሉ። ልጅቷ የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር። አባቷም እሺ ብለው ነበር። ከዚያ የታመመ ወንድማቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ፣ አልልክም አሉ።

ምን እንደተፈጠረ ልጠይቅ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ።

«ሯጯን አውቶቡስ ላይ አየኋት» አሉኝ። «ልጄን ታክላለች። ስትሮጥ ስትሮጥ ቆይታ በግንባሯ ተደፋች። አልተነሳችም።»

«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? የሚሆነውን አይደል የሚያሳዩት! እስቲ አንተ መምህሩ ንገረኝ፤ ሞተች ወይስ ተረፈች?»

አላውቅም። እኔም ያንን ፊልም አይቼዋለሁ፤ እኔም ሮቢት ላይ ወርጃለሁ። ላውንደሪ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የደንበኞችን ልብስ በእግሯ እያደረሰች ነው ሯጭ የሆነችው። ፊልሙን ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ሰውዬ የሷንም፣ የእናቷንም፣ የአሰልጣኟንም ቃል በአንድ ጎርናና ድምፅ ይናገራል። ቢሆንም አንጀት ትበላለች። የመጨረሻው ዙር ላይ ትወድቅና ፊቷ መሬት ላይ ይቀራል፤ ይሄኔ ረዳቱ «ሮቢት! ሮቢት የምትወርዱ!» ይላል።

ተርፋለች ብል ማን ይከሰኛል? ነገር ግን አባትየው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ። አጣርቼ እመጣለሁ ብያቸው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አውቶቡሶቹ ለምሳ የሚቆሙበት ሆቴል በር ላይ ተተከልኩ። አንድ ትልቅ ሰው ስለ አንዲት የፊልም ልጅ መሞትና መትረፍ ረዳቶችን እየለመነ ሲጠይቅ አስቡት። አንዱ ሳቀብኝ። ሌላው «ወላሂ እኔም አላውቅ! ከምሳ በኋላ ሹፌሩ መንዙማ ነው የሚያስከፍተኝ» አለኝ። በመጨረሻ አንድ ደግ ረዳት ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ነቅሎ ሰጠኝ፤ ተሳፋሪው በልቶ እስኪጨርስ ገልብጬ መለስኩለት።

ቀድሜ አላየሁትም። ሞታም ከሆነ አብረን እንየው ብዬ በገበያ ቀን አባትየውን ሆቴሉ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ለስላሳ አዘዝኩላቸው፤ የሆቴሉን ባለቤት ለምኜ ፊልሙን በቴሌቪዥን አስከፈትኩ፤ ልጅቷ ከወደቀችበት። አባትየው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ያያሉ። ልጅቷ ተንቀሳቀሰች። በክርኗ ተደግፋ ተነሳች፤ እያነከሰች ሮጣ ገባች። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበላት።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለስላሳውን ሳይነኩ ወደ ጎን ገፋ አደረጉና፣ «ያ ሁሉ ሕዝብ ቁጭ ብሎ ያያት ነበር» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ አላነሳትም። ልጄ ትሂድ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ሄድን። ደብረ ብርሃን በዚያ ብርዷ ለቆላ ሰው አትመችም፤ አባትየው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ከገመዱ ውጭ ቆሙ። ልጅቷን ግን ብርዱም ዳገቱም አልበገራትም፤ ከመሪዎቹ ጋር ነበረች። የመጨረሻው ዙር መታጠፊያ ላይ ከኋላዋ ያለችው ሯጭ ተረከዟን ረገጠቻትና ወደቀች። አልደነገጥኩም። ልምምድ ላይ ስንት ጊዜ ወድቃ ተነስታለች! መዳፎቿን መሬት ላይ ተክላ ልትነሳ ስትል አባቷ ገመዱን አልፈው ገብተዋል። ጋቢያቸው እየተጎተተ፣ ዳኛው እየጮኸባቸው፣ ብብቷን ይዘው አነሷት። ከዚያም እቅፍ አደረጓት።

በሰው የተደገፈ ሯጭ ውጤቱ አይያዝለትም። ከእቅፋቸው አምልጣ ሮጠች፤ ከሚያልፉትም ጋር ገባች፤ ዳኞቹ ግን ሰረዟት። ለመንኩ፣ ተከራከርኩ፣ ልሳደብም ምንም አልቀረኝ። ልጅቷ ሣሩ ላይ ተቀምጣ «ልነሳ ነበር እኮ! አባ፣ ልነሳ ነበር!» እያለች አለቀሰች።

ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። «ጋሼ፣ አብረን አየን እኮ!» አልኳቸው። «ያቺ ልጅ ብቻዋን ስትነሳ በዓይንዎ አይተዋል!»

ከጋቢያቸው ላይ አፈሩን እያራገፉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያቺን እኔ አልወለድኳትም» አሉ።

ወደ ሮቢት ስንመለስ ልጅቷ አባቷ ጎን ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አኮረፈች። እሳቸውም አላባበሏትም። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ጃኬቷን አወለቀችና ሳታያቸው ጭናቸው ላይ ጣለችው። አጣጥፈው ያዙላት።