የወንድሜ ሙሾ በሠርግ ቤት

እዚህ በምኖርበት የዓረብ ከተማ የእኛ ሰው ሲድር አዳራሽ ይከራያል፤ ምግቡን ሴቶቹ ተከፋፍለን እንሠራለን። በቅርቡ በአንድ ሠርግ ላይ ወጥ ለማውጣት ጎንበስ እንዳልኩ ያ ዘፈን ተከፈተ። ሙሽሮቹ ተነሡ፣ አዳራሹም ተከትሏቸው ተነሣ። አጠገቤ የነበረች የአዲስ አበባ ልጅ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«ዘፋኙ ያገርሽ ልጅ እኮ ነው። አሰላ አይደለሽ? ምነው ቁጭ አልሽ?»

ጭልፋውን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። በአገራችን ሰው ሠርግ ላይ ቅር ማሰኘት ነውር ስለሆነ አየር ልቀበል ብያት ነው የወጣሁት።

ያገሬ ልጅ መሆኑስ እውነት ነው። ስሙን ግን እኔ አልጠራም፤ ያለ እኔም በየግድግዳው ተጽፎለታል። አሰላ የሄደ ሰው ሀብቱን ሳያይ አይመለስም። ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ባለ መስታወት ሆቴል የእሱ ነው። ከጀርባው ያለው የሠርግ አዳራሽም የእሱ ነው። የድምፅ መሣሪያው፣ የሙሽራ መኪናው፣ ካሜራው ሁሉ ከዚያው ስለሚከራይ፣ በከተማችን በእሱ እጅ ሳያልፍ የሚያገባ ሰው ጥቂት ነው። አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ኮምባይነሮቹ ወደ ዲክሲስና ወደ ሁሩታ ይሰማራሉ። ገበሬው ስንዴው ዝናብ ሳይመታበት እንዲታጨድለት የእሱን ወኪሎች ደጅ ይጠናል። በየኮምባይነሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አስገጥሟል። ስንዴውን እያጨደ፣ ለገበሬው ይዘፍንለታል፤ ኪራዩን ደግሞ ይቀበለዋል።

በቴሌቪዥን ሲጠይቁት «ከምንም ተነሥቼ ነው» ይላል። ከምንም አልተነሣም። አባቱ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ እነሱ ደጅ ነበር የሚሰለፈው። እኛ ዱቄት ለብሰን ስንመለስ እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተገዛለትን ኪቦርድ ይነካካ ነበር። መጫወት ይችላል፤ ይህን አልክድም፣ በሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው። ጣቱን እግዚአብሔር ባርኮለታል። ጆሮውም ሹል ነው፤ የሰው ነገር አንዴ ከሰማ አይረሳም።

ወንድሜ እኩያው ነበር። በአንድ ግቢ ኳስ ሲራገጡ ነው ያደጉት። ወንድሜ ትምህርቱን ትቶ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። አንድ ቀን ከበቆጂ ገብስ ጭነው ሲመለሱ፣ መንገዱን ጉም ሸፍኖት መኪናው ተገለበጠ። ገብሱን በሌላ መኪና አዛውረው ለባለቤቱ አደረሱ። ወንድሜን በአንሶላ ጠቅልለው ለእኛ አመጡልን።

እናቴ አልቃሽ ናት። በሰፈራችን ሰው ሲሞት እድሩ መጀመሪያ ጡሩምባ ያስነፋል፣ ቀጥሎ እናቴን ይጠራል። ካህናት ሙሾ ማውጣትን አይወዱም፤ የነፍስ አባታችንም ደጋግመው ገሥጸዋታል። «አባቴ፣ ይፍቱኝ» ትልና ሰው ሲሞት ተመልሳ ትሄዳለች። እኔም በዚህ ነገር ከካህናቱ ወገን ነበርኩ። ቢሆንም ሙሾ ሥርዓት አለው። ለአንድ ሟች የወጣ ግጥም የዚያ ሟች ነው፤ ልቅሶው ሲያበቃ አብሮ ይቀራል። በደህና ቀን ማንጎራጎር ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። ልጅ ሳለሁ ዕቃ እያጠብኩ አንዱን ባንጎራጉር እናቴ በእርጥብ እጇ አፌን መታችኝ።

ለወንድሜ ያወጣችው ይህን ነበር፤

ገብሱማ ገባ አሉ፣ ጭነቱ ደረሰ፣
…… ምን አገኘው፣ ቤት ያልተመለሰ።

ክፍት በተውኩት ቦታ የወንድሜ ስም ነበረ።

ያ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ነበር። ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ እስከ ሠልስት ከእናቴ አጠገብ አልተነሣም። ሰውም «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» አለለት። ከጋቢው ሥር ስልኩ ይቀዳ እንደነበር ያወቅነው ዘፈኑ ከወጣ በኋላ፣ ራሱ ለጓደኞቹ እንደ ጨዋታ ሲያወራው ነው። ዜማውን እንዳለ ወሰደው። ከበሮ ጨመረበት፣ አፈጠነው፣ የወንድሜ ስም በነበረበት ቦታ «ውዴ» ብሎ ገባበት። እህሉ ገብቶ ፍቅረኛው የቀረች የመኸር ዘፈን ሆነ። አገር ለአገር ያዞረው፣ ሆቴሉን ያቆመለትም ይኸው ዘፈን ነው። ዜማው እንዴት እንደመጣለት ሲጠየቅ፣ የጭላሎን ተራራ በመስኮት እያየ ድንገት እንደመጣለት ተናገረ።

እናቴ መጀመሪያ ሬዲዮውን አጠፋች። የከፋው በኋላ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሞተው ልታለቅስላቸው ተጠራች። የአልቃሽ ግጥሟ በየሟቹ ይለወጣል እንጂ ዜማዋ አንድ ነው፤ እንደ ፊቷ ነው። ገና ስትጀምር ከድንኳኑ ጫፍ የቆሙ ወጣቶች ተያዩ። የአንዷ ልጅ ትከሻ ነቅነቅ አለ። ክፋት አልነበረባትም፤ ሰውነቷ የለመደውን ነው ያደረገው። እናቴ አየቻት። አፏን ዘግታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሲጠሯት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ማለት ጀመረች።

እኔ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ወደዚያ ሰው ሽማግሌ ላከች። ካሣ አልፈለገችም። የፈለገችው የልጇ ልቅሶ መሆኑን በአደባባይ እንዲናገርና መዝፈኑን እንዲተው ብቻ ነበር። የእድሩ ዳኛና ሁለት አዛውንት ነጭ ለብሰው ወደ ሆቴሉ ሄዱ። ሽማግሌ የተላከበትን ጉዳይ ሳይጨርስ የሰው ማዕድ አይቀምስም፤ ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። እነሱ ሲመለሱ አዋዜው ጣታቸው ላይ ነበር።

«እትዬ፣ ልጁ እኮ ትሑት ነው» አሉ ዳኛው። «እግራችን ላይ ወድቆ በስንት ልመና አነሣነው።»

«ወድቆ ምን አለ?»

«አከበረን እንጂ። ሥጋ አስቆረጠ። እምቢ ብንል በእጁ አጎረሰን።»

«ጎረሳችሁ። ከዚያስ?»

ሦስቱም ተያዩ። «ከዚያማ የእድሩን ችግር ጠየቀን። ድንኳናችን ያፈሳል አልነው። አዲስ ከነወንበሩ እሰጣለሁ አለ።»

«እኔ ድንኳን አምጡልኝ ብዬ ነው የላክኋችሁ?»

«አይ እንግዲህ፣ እትዬ። ሰው አጉርሶህ እንዴት ትከሰዋለህ? ለሌላ ቀን ይሁን ብለን ነው።»

«ሌላ ቀንማ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣችሁ ልትከሱት ነው» አለች እናቴ። ቡና እንኳ ሳታቀርብላቸው ሸኘቻቸው።

ድንኳኑ መጣ። በአራቱም ጎኑ የሆቴሉ ስም በወርቃማ ፊደል ተጽፎበታል። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን የሞተ ሁሉ በእሱ ማስታወቂያ ሥር ተለቀሰለት።

አባቴ ያረፈው እኔ እዚህ ሳለሁ ነው። አሠሪዎቼ እስኪፈቅዱልኝ ቀብሩ አለፈ፤ ለሠልስቱ ደረስኩ። ያ ድንኳን በራችን ላይ ተተክሎ አየሁት። እናቴ ከውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ተንበርክኬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ጀርባዬን መታ መታ ታደርጋለች እንጂ አታለቅስም።

«ልቧ ደነደነ» አለች አንዲት ሴት ከኋላዬ። «ለባዳው ሁሉ አልቅሳ ለባሏ እንባ አጣች።»

«እማዬ፣ ለምን አታለቅሺለትም?» አልኳት በጆሮዋ።

«በምን ላልቅስ?» አለችኝ። «አፌን ስከፍት የሚወጣው የሱ ዘፈን ነው። አባትሽን በእስክስታ ልሸኘው?»

አባቴ ያለ ልቅሶዋ ሊቀር ነበር። ካህናቱ ያሉትን አውቃለሁ፤ ለነፍስ የሚበጀው ፍትሐትና ጸሎት ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት እናቴ አንዴ ብትጮህ ብዬ ነበር የምለምነው።

ቀትር ላይ ሁለት መኪና ደጃችን ቆመ። ያ ሰው ከነአጃቢዎቹ ወረደ፤ አንዷ ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርፃለች። የእድሩ ዳኛ ወንበር ጠርገው ከፊት አስቀመጡት። እሱ ግን ተነሥቶ እናቴ ፊት ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለሳቸው ያማረ ሐውልት አሠራላቸዋለሁ። እኔ ልጅዎት ነኝ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ልጄ ከሆንክ አልቅስልኝ» አለችው።

«አቤት?»

«ሙሾውን ታውቀዋለህ አይደል? አውጣው። ያለ ከበሮ።»

ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፤ ከለቀስተኛ ፊት እምቢ ብሎ መውጫ የለውም። ጉሮሮውን ጠርጎ በቀስታ ጀመረ። ያለ ከበሮ ድምፁ ቀጭን ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰ፣ ሁለተኛውን «ውዴ» ብሎ ሲጀምር እናቴ እጇን አነሣች።

«ውዴ ማነው?»

«እማማ፣ ዘፈኑ ላይ እንደዚያ ነው።»

«ልቅሶው ላይስ?»

ወደምትቀርፀው ልጅ ዞር አለ።

«በእኔ ግቢ ነው ኳስ ስትጫወቱ ያደጋችሁት። ስሙን ጥራው።»

የእድሩ ዳኛ ወደ ጆሮው ጠጋ ሲሉ እናቴ፣ «እርስዎ አይንገሩት፤ እርስዎ በልተዋል» አለቻቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ስሙ ከአፉ አልወጣም። «እማማ፣ እውነቴን ነው፣ ዘፈኑ አሁን በእጄ አይደለም። ለኩባንያ ተሽጧል። ብፈልግም ማስቆም አልችልም።»

«ለአንተስ ማን ሸጠልህ?» አለችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ተነሣች፣ በዚያው ዜማ የወንድሜን ስም ጠራች። ሁለተኛ ጠራችው። ከዚያ የአባቴን ስም አስከትላ፣ እህሉ ገብቶ አጫጁ ስለቀረበት ቤት፣ ልጁን ፍለጋ ስለወጣ አባት አወጣች። ከድንኳኑ ጫፍ ወጣቶቹ ቆመው ነበር፤ ትከሻዋን የነቀነቀች አላየሁም፤ አቀርቅረው ነበር። የምትቀርፀው ልጅ ስልኳን ልታስጠጋ ስትል ጎረቤታችን ነጠላዋን አውልቃ ስልኩ ላይ ጣል አደረገችበት። እኔም ካህናቱን ረስቼ ደረቴን መታሁ።

እሱም ያለቅስ ነበር። እንባው እውነት ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ አላመንኩትም። እናቴ አረፍ ስትል መኪናዎቹ ተነሥተው ሄዱ።

ያ ሰው ከዚያ ወዲህ አልከሰረም፣ አላፈረም። እንዲያውም ሌላ ሆቴል እያሠራ ነው ይላሉ። ዘፈኑም ይኸው እስከዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። እዚህ ያሉት የነፍስ አባቴ ይቅር በይው ይሉኛል። «በደላችንን ይቅር በለን» ብዬ፣ «እኛም የበደሉንን» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ይከብዳል። እንዳልዋሽ ብዬ እዚያ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ከሠርጉ ማግስት እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፅዋ ጎርንኖ አልለይ አለኝ።

«ምነው እማዬ፣ ጉንፋን ያዘሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያሉት ሰውዬ ሞተው እዚያ ስጮህ ሰነበትኩ። ዛሬ ደግሞ ከሁሩታ ሰው ልከውብኛል።»

«ትሄጃለሽ?»

«ታዲያ ማን ሊያለቅስላቸው ነው?»

ሰው የሞተባቸውን ቤተሰቦች እግዚአብሔር ያጽናቸው። እኔ ግን ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር።