ሽቦ እና ከባዱ ጊታር

የትከሻው ጉዳይ የጀመረው ከጣቱ ነው። ሽቦ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ የግራ እጁን ትንሿን ጣት እንደ ምስክር ያቆማታል። አዳራሹ ሞቅ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞሮ፣ ጣቲቱ የጊታሩን ክር የያዘች መስሎት ቀኝ እጁን ሰነዘረ። ደንዝዛ ኖሮ አልያዘችም ነበር። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ጅራቷ በር ላይ የተቆነጠጠ ድመት ጩኸት ሆነ። ድራም መቺው ሳቀ። ኪቦርድ የሚጫወተው የባንዱ መሪ፣ ሁሉም አለቃ የሚሉት ሰው፣ አልሳቀም። አንገቱን ዞር አድርጎ የሽቦን እጅ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሽቦን ያስደነገጠው ያ ዝምታ ነው።

ሽቦ የተባለው በቅጥነቱ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ከቤት ሲወጣ ሚስቱ «የሆነ ነገር ይዘህ ውጣ፣ እንዳይወስድህ» ትለዋለች። እንዲህ ያለው ሰው ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥለው ጊታር ግን አምስት ኪሎ የሚጠጋ ድፍን እንጨት ነው። ሲገዛው ክብደቱን እንደ ማዕረግ ነበር የቆጠረው። «ቀላል ጊታር ኖታውን ወዲያው ይተፋዋል፤ የኔው አፉ ውስጥ ያቆየዋል» ይላል። ባንዱ ውስጥ ያለው ቦታም የቆመው በዚሁ ነው። ከዝግታው ዘፈን መሐል ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ ይልና ሽቦ አንዲት ኖታ ይመታል፤ ኖታዋ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ቀና እስኪል ድረስ አትሞትም። ባንዱን ለግብዣ የሚጠሩ ሰዎች ራሳቸው «ያ ረጅሙ ነገር አለበት አይደል?» ብለው አረጋግጠው ነው የሚሄዱት።

ስለ ጣቱ ሐኪም ቤት ሄደ፤ ሐኪሙ ትከሻውን ጫን ጫን አድርጎ አየና ማንገቻው የሚያርፍበትን ቦታ ያለ ማንም ጠቋሚ አገኘው። ክብደቱ ወደ እጅ የሚወርደውን ነርቭ እየተጫነው ነው አለ። አሁን የሚመጣው ድንዛዜ ይሄዳል፤ እንዲሁ ከቀጠልክ ግን አንድ ቀን ይመጣና አይሄድም።

ይህን ለአለቃ አልነገረውም። አለቃ ግን ሳይነገረው ገባው።

«ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ ግብዣ አለብን» አለው ልምምድ ሲያልቅ፣ ገመድ እየጠቀለለ። «ያቺ ጣት አሁንም ከሳተች የአክስቴን ልጅ አስገባለሁ። ቂም እንዳትይዝብኝ።»

«የአክስትህ ልጅ ጊታር የሚይዘው እንደ መጥረጊያ ነው።»

«እንደ መጥረጊያም ቢይዘው እጁ አይደነዝዝም።»

ሽቦ ቤት ሲገባ ሚስቱ መጋረጃ እየሰፋች ነበር። የፊተኛው ክፍል የእሷ ሥራ ቦታ ነው፤ እዚያ ቤት ለመቀመጥ መጀመሪያ ጨርቅ ማንሳት ያስፈልጋል። ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት።

«ታዲያ ቀለል ያለ ጊታር አትይዝም?»

«ሞከርኩ እኮ። የጓደኛዬን ተውሼ ነበር። ትከሻዬ ተመስገን አለ፤ እጄ ግን ሰው ቤት በእንግድነት የገባ መሰለው። ሁሉ ነገር የት እንደተቀመጠ አያውቅም።»

ማሽኗን አቆመች። «በል የራስህኑ እናክሳው።»

«ጊታር በምን ይከሳል?»

«በወንድሜ።»

ወንድሟ ቁምሳጥን ሠሪ ነው። ሽቦን ይወደዋል፤ መውደዱን የሚገልጸው ግን በስድብ ነው። ጊታሩን ተቀብሎ በሁለት እጁ መዘነው።

«ይሄን ነው እንዴ የምትጫወትበት? እኔ በር ልገጥምበት እችላለሁ።»

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ከጀርባው በኩል ትፈለፍለዋለህ፤ ከዚያ በስስ ጣውላ ትከድነዋለህ። ፊቱ እንዳይነካ። ፊቱ ከተነካ አለቀልኝ።»

ሽቦ ጠመኔ አነሳና በጀርባው ላይ ማስመር ጀመረ። እዚህ ጋ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ያልፋሉ፤ እዚህ ጋ ክሮቹ የሚታሰሩበት ብረት ተተክሏል፤ እዚህ ጋ አንገቱ የተጣበቀበት ነው።

«እዚህ እንዳትነካ። እዚህም እንዳትነካ። እዚህማ ጭራሽ።»

«ታዲያ ምኑን ልንካ፣ ጥላውን?»

የቀረው የጭራው በኩል፣ ከአንገቱ ተቃራኒ ያለው ጫፍ፣ ነበር። እንጨቱ የሚበዛው እዚያ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም አያልፍበትም። ሁለቱም ተያይተው ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስምምነት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ለሁለቱም ብልሃት መስሏቸው ነበር።

አማቹ በመሰርሰሪያ ከበሳ በኋላ መሮውን አነሳ። ሽቦ ጊታሩን በብርድ ልብስ ላይ ደፍቶ በሁለት መዳፉ ያዘው። እያንዳንዱ ምት በመዳፉ በኩል ይገባና ክርኑ ጋ ይደርሳል። ልጄን አስተኝቼ የማስቀደድ ያህል ነበር ይላል፤ እንዲያውም ሐኪም ቤት ዘመድ ውጭ ጠብቁ ይባላል፣ እኔን ግን ያዝ ነው የተባልኩት። እንጨቱ እየሳሳ ሲሄድ የመሮው ድምፅም ይለወጣል፤ ከደነዝ ወደ ጥርት ያለ። አማቹ በየመሐሉ በጥፍሩ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል።

ከዚያ አንድ ምት «ጭ» አለ። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

«አለፈ?»

«አይመስለኝም።»

«ገልብጠህ እይልኝ።»

«እኔ አላይም። ያንተ ነው፣ አንተ እይ።»

ሽቦ ዓይኑን ጨፍኖ ገለበጠው፣ ከዚያ ገለጠ። እንጨቱ አልተበሳም፤ ቀለሙ ላይ ብቻ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። አማቹ መሮውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «በቃኝ። ከዚህ በላይ ብትለምነኝም አልነካውም።»

ከድነው፣ አጣብቀው፣ ክር ካሰሩበት በኋላ ሽቦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አደረገው። ቀሎታል። ጣቶቹ እያንዳንዷን ቦታ ያውቃሉ፤ ክብደቱ ብቻ የለም። ያለ አምፕሊፋየር ትንሽ ነካካውና እንባው መጣ። አማቹ አለቀሰ ብሎ ለእህቱ አወራበት። ተቀምጦ መሞከሩን፣ አንዴም ትከሻው ላይ አንግቶ አለመቆሙን ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የራሷን ነገር ይዛ መጣች። ከመጋረጃ ትርፍ ጨርቅ ሰፊ ማንገቻ ሰፍታለታለች፤ ውስጡ ስፖንጅ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሳቲን። «ትከሻህን እንዳይጫነው፣ ጃኬትህንም እንዳይበላው ብዬ ነው» አለችው። ስሟት ወጣ፤ እሷም ሥራዋ ምን እንደሚመስል ለማየት ተከትላው ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረደራል፤ አለቃ ማይክ ይፈትሻል። ሽቦ ጊታሩን አነገተና አምፕሊፋየሩን ለማስተካከል ግራ እጁን ከአንገቱ አነሳ። የጊታሩ አንገት እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ራስ ዘፍ ብሎ ወረደና የማይኩን ማቆሚያ ደሰቀው። ድምፁ በየድምፅ ማጉያው ወጣ። ወንበር ደርዳሪዎቹ ሳይቀሩ ዞሩ።

ቀና አደረገው። ለቀቀው። ወደቀ።

ያኔ ነገሩ ገባው። ድሮ ከባዱ ጭራ ነበር አንገቱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው። ጭራው ሲከሳ አንገቱ እንደነበረው ቀረ፤ ትከሻው ላይ ያለው ሳቲን ደግሞ ሊይዘው ቀርቶ ያንሸራትተዋል። አሁን አንገቱን ደግፎ መያዝ ያለበት የግራ እጁ ነው፤ ያው የሚደነዝዘው እጅ። እንዲያርፍ የተደከመለት እጅ ሁለተኛ ሥራ ተጨመረበት።

«ምን አደረግከው?» አለ አለቃ።

«አከሳሁት።»

«ይሄ የከሳ ሳይሆን የሰከረ ነው። ሽቦ፣ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። ልጁን ልደውልለት?»

«ትንሽ ታገሰኝ።»

«ስንት ነው ትንሽ?»

ሽቦ በዓይኑ ሚስቱን ይፈልግ ጀመር። እሷ ግን ጊታሩ ሲወድቅ አይታ ከመድረኩ ሥር ደርሳለች።

«ያንሸራትታል» አላት ዝቅ ብሎ።

ፊቷ ተለወጠ። «ለትከሻህ ብዬ እኮ ነው…»

«አውቃለሁ። አሁን ምን እናድርግ?»

የልብስ ሰፊ ነገር፣ የቀሚሷ አንገት ላይ ሁልጊዜ መርፌ ቁልፍ ይደረደራል። አንዱን ነቀለች። «ዙር። የጊታሩን አንገት ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ልክ ስትጫወት እንደምትይዘው። አትተንፍስ።» ማንገቻውን ከጃኬቱ ጋር ትከሻው ላይ ወጋችው፤ ከዚያ ጀርባው ላይ፤ ከዚያ ደረቱ አጠገብ።

«ወይኔ!»

«ምን ሆንክ?»

«ሥጋዬን ነው።»

«ዝም በል፣ እሱም ይይዛል።»

እጁን ለቀቀ። አንገቱ ባለበት ቆመ። ጃኬቱ በአንድ በኩል ተጎትቶ የሰው ልብስ የተዋሰ አስመስሎታል፤ ጊታሩን ያለ ጃኬቱ ማውለቅ አይቻልም፤ ግን ቆመ። አለቃ ስልኩን በእጁ እንደያዘ አየው፤ መልሶ ኪሱ ከተተው። ድምፅ ለመሞከር ጊዜ አልቀረም። እንግዶቹ ገቡ።

የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች በደህና አለፉ። ትንሿ ጣት አለች፤ ክሩን ትረግጣለች፣ ሽቦም ይሰማዋል። የሚያስፈራው እሱ አልነበረም። ከፊቱ የዝግታው ዘፈን አለ። ያቺን ኖታ በዚህ በተፈለፈለ እንጨት አንዴም በአምፕሊፋየር አልሞከራትም፤ ያወጣነው እንጨት ይዟት ሄዶ ከሆነስ? ጣት አትርፎ ኖታ ማጣት ለአለቃ ምኑ ነው? የአክስቱ ልጅም አጭር ኖታ ይመታል።

ዘፈኑ መሐል ላይ ደረሰ። ሁሉም ዝም አሉ። ሽቦ መታ።

ጥርት ብላ ወጣች፤ ከድሮዋ ይልቅ ቀጠን ያለች፣ ከደረት ሳይሆን ከጉሮሮ የመጣች። ገና ሰው ቀና ሳይል ደግሞ መሳሳት ጀመረች። ሽቦ ጣቱን እያወዛወዘ ሊያቆያት ታገለ። ትሄዳለች። አለቃ እጁን ኪቦርዱ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃል፤ ቀድሞ ከገባ ዘፈኑ ይበላሻል።

ሽቦ የት እንደሚሄድ ሳያስብ ወደ አምፕሊፋየሩ ተጠጋ። ምናልባት ሊሰማት ብሎ ነው። ያኔ ጊታሩ ሆዱ ላይ ተንቀጠቀጠ። ያ ድፍን እንጨት በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ባዶው ጭራ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣውን ድምፅ እየተቀበለ ለክሩ ይመልስለታል፤ ልትሞት የነበረችው ኖታ መወፈር ጀመረች። ወፈረች፤ አሁንም ወፈረች፤ ጫፏ ላይ ፉጨት ብቅ አለ። ካመለጠችው አዳራሹን በጩኸት ታናጋዋለች። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ መርፌ ቁልፎቹ ጃኬቱን ጎተቱት። ሳሳች። ተጠጋ፤ ወፈረች። በመሞትና በመጮህ መሐል፣ ገላውን ወዲህና ወዲያ እያለ ያዛት። ጀርባው በላብ ራሰ። ሹካዎቹ ዝም ያሉት መቼ እንደሆነ አላወቀም። አለቃ እንኳ መግቢያውን አሳልፎ እያዳመጠ ነበር፤ ሽቦ በግንባሩ ምልክት ሲሰጠው ደንግጦ ገባ።

ግብዣው ሲያበቃ ሚስቱ ከመድረኩ ጀርባ ቁልፎቹን እየነቀለች ሳለ አለቃ መጣ።

«ቅድም ያደረግከውን እንደገና ማድረግ ትችላለህ?»

«አላውቅም። ድሮ ቆሜ እጠብቃት ነበር። አሁን ወዲህ ወዲያ መሄድ አለብኝ።»

«ብትጮህብን ኖሮስ?»

«አልጮኸችም።»

«ብትጮህስ ነው የምልህ!»

«እሱን እለማመዳለሁ። እጄ ደህና ነው፤ የምለማመድበት እጅ አለኝ።»

አለቃ ስልኩን አውጥቶ ለአክስቱ ልጅ ደወለና ፊታቸው ቆሞ አወራ። «ሃሎ፣ እኔ ነኝ። አይ፣ አትምጣ። ሰው አላጣንም።» ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳስደገፈ ሽቦን አየው። «ከማክሰኞው ልምምድ ጀምሮ ቀደም ብለህ ትመጣለህ፤ የምትቆምበትን ቦታ ወለሉ ላይ እናገኛለን።»

«ዞር በል» አለችው ሚስቱ፣ «ጀርባህ ላይ አንዷ ቀርታለች።»